በምትንቀጠቀጥ መኪና ወደ ሸቤ ሠርግ

ጅማ ደርሼ መጣሁ ስላቸው የጽዋ ማኅበርተኞቼ በአንድ አፍ የጠየቁኝ ቡና አመጣሽልን ወይ ብለው ነው። አምጥቻለሁ፣ ተካፍለውታልም። ከዚያ ከደብረ ብርሃን ብዙም ርቀው ስለማያውቁ መንገዱን ልንገራችሁ ብዬ ጀመርኩና መሃሉን ዘለልኩት። የዘለልኩት ባለቤቴ እዚያው ተቀምጦ ስለነበር ነው። አሁን ከነመሃሉ ጻፊው ያለኝ እሱ ራሱ ስለሆነ ይኸው እጽፋለሁ።

ባለቤቴ ደምሴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጉልበቱ እያለ የጅማን ቡና ወደ አዲስ አበባ ሲያመላልስ ነው የኖረው። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ እሱ የኖረበትን አገር እኔ በካርታ ብቻ ነው የማውቀው። ሸቤ ላይ ሐጂ ከማል የሚባሉ የቡና ነጋዴ ወዳጅ አሉት። ቡናው ተለቅሞ ካበቃ በኋላ በጥር፣ የመጨረሻ ልጃቸውን ሐያትን ለደዶ ሰው ሊድሩ ሆነና ደወሉለት። ሙሽራዋን ከሸቤ ደዶ የምትነዳት አንተ ነህ፣ ሌላ ሰው መሪውን አይነካም አሉት። እሱም ቃሉን ሰጠ። ደምሴ ደግሞ ሌላ ነገር ሊረሳ ይችላል እንጂ በመንዳት ጉዳይ ቃል ከሰጠ አለቀ።

ችግሩ መኪናችን ናት። አሮጌ አውቶማቲክ ናት፤ እኔም መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በእሷ ነው፣ እሱም እስካሁን የሚያሾፍብኝ በዚሁ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ቀለል ያለ ዳገት ላይ ነዳጁን በስሱ ሲረግጣት ብርድ ብርድ እንዳለው ሰው ትንቀጠቀጣለች። ካምቢዮዋ ነው ይላል። ታዲያ ጋራዥ እንውሰዳት ስለው ከሠርጉ በኋላ ይለኛል።

ረቡዕ

የወጣነው ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሳለ ነው። ጎረቤቶቻችን ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ሸኙን። ለሙሽራዋ የአገራችንን ወፍራም ብርድ ልብስ ጭኛለሁ። ደምሴ ለጅማ ሰው ብርድ ልብስ ይወሰዳል እንዴ እያለ እስከ ጫጫ ድረስ ሲያላግጥብኝ ሄደ።

አዲስ አበባን አቋርጠን ሰበታን እንዳለፍን መኪናዋ ጀመራት። ወንበሬ ከሥሬ ተርገፈገፈ፣ መስተዋቱ ውስጥ የኋላው መንገድ ሁለት ሆኖ ታየኝ። ደምሴ መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። ነዳጁን ጠበቅ ሲያደርግ ትተዋለች፣ ላላ ሲያደርግ ደግሞ ይነሳባታል። በዚህ ዓይነት እየተርገፈገፍን ወልቂጤ ገባን።

ወልቂጤ ያደርንበት ቤት ባለቤት ጾም ላይ መሆናችንን ስትሰማ ክትፎ ቤቱ ሁሉ በተደረደረበት ከተማ ከራሷ ማጀት ጎመን በቆጮ አመጣችልን። እኛ ዘንድ እንግዳ ጠላውን ካልጨረሰ ነው የሚኮረፈው፤ እዚህ ቆጮውን ካልጨረስሽ አይለቁሽም። ግቢው ውስጥ ያደረ አንድ የጭነት ሹፌር ስለ መኪናችን ሰምቶ መጣና የካምቢዮዋን ዘይት እንዳታስነኩት ብሎ አስጠነቀቀን። አሮጌ ካምቢዮ ቆሞ የሚሄደው በአሮጌ ዘይቱ ነው፣ አዲስ ያፈሰሳችሁባት ቀን ትቆማለች አለ። እኔ ደነገጥኩ። ያደፈ ልብስ ካጠቡት ይቀደዳል ብሎ እንደመተው ነው፤ ምን ዓይነት ሕክምና ነው ይሄ? ደምሴ ግን ምክሩን እንደ ወንጌል ተቀበለው። አየሽ አለኝ፣ ፊቱም በራ። ያን ያህል ምን እንዳስደሰተው አልገባኝም።

ሐሙስ

ከወልቂጤ ወዲያ መሬቱ አፉን ከፍቶ ቁልቁል ይወስድሻል። እኛ አገር ገደል ማለት ጣርማ በር ነው፣ ጉምና ብርድ ነው። ግቤ ግን ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ሹራቤን አወለቅኩ፣ ነጠላዬን አወለቅኩ፣ የቀረኝ ማዕተቤ ነው። 

ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ያ ነገር መጣ። ከፊተኞቹ ሁሉ የባሰ ነው። ከኋላችን ያለው ከባድ መኪና ጡሩንባውን ለቀቀብን። ደምሴ ዳር ይዞ አቆመ። አንድ ሚኒባስ ያለ ምንም ጥሪ ቆመና ሁለት ሰዎች ውኃ ይዘው ወረዱ። ውኃ አያስፈልገንም ብንላቸው ለራሳችሁ ጠጡት ብለው ሰጥተውን ሄዱ። በእኛ መንገድ ሰው ይቆምልሻል፣ ግን መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆንሽ ያጣራል።

አሰንዳቦ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። አቮካዶ ገዝተን እግራችንን እናፍታታ ብለን እንደወረድን አንዲት ሻርፕ የተከናነበች ጎልማሳ ሴት ዘንቢሏን ጥላ መጣች። ደምሴ ጡሩንባ ብላ ጠራችው። እኔ ስንት ዘመን አብሬው ስኖር ይህን ስም ሰምቼው አላውቅም። ለካ በወጣትነቱ ከተማው ሲገባ ጡሩንባውን ከሩቅ እየነፋ ሴቶቹ ሙዝና ፓፓያ ይዘው እንዲወጡ ያደርግ ኖሯል። ጀሚላ እባላለሁ አለችኝ፣ አቀፈችኝ፣ ባልሽ በጣም ይጮህ ነበር አለችኝ። ከዚያ ትልቁ መኪናህ የታለ ብላ ጠየቀችውና ትንሿን መኪናችንን ስታይ አፏን በሻርፗ ያዘች። ሻይ አስመጣችልን። ደምሴ ይቀዝቅዝልኝ ብሎ ሳይነካው ተነሣ። እሷ ደግሞ ደብረ ብርሃን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልለን የምንገዛውን አቮካዶ በጆንያ ጫነችልን።

ከአሰንዳቦ እንደወጣን መናገር ጀመርኩ። ጋራዥ ሳንገባ ሸቤ አንሄድም አልኩት። እሱ ደግሞ ሠርጉን እንውላለን፣ ቀስ ብለን እንመለሳለን፣ ከዚያ መኪናዋን እንሸጣታለን አለ። የሰው ልጅ ሙሽራ ጭነህ ደዶ ዳገት ላይ ብትቆምብህስ? ሙሽራ ይዞ መንገድ ላይ መቆም የትም አገር ክፉ ነው አልኩት። ጅማ ስንገባ ለሐጂ እደውላለሁ አለ። ወዳጁ ፊት ከሚዋረድ ሞቱን ይመርጣል።

ጅማ ስንደርስ በጥር ወር ዝናብ ይዘንባል። በጥር! እኛ ዘንድ በዚህ ወር ሰማዩ ከነደመናው ጠፍቶ አቧራ ነው የሚዘንበው። ሰው ሁሉ በመንገድ ዳር በሸራ ላይ ያሰጣውን ቡና ለመሸፈን ይሮጣል። አንዲት ልጅ ከሸራው አንድ ጫፍ ያዢልኝ አለችኝና ሻንጣዬን ጥዬ አብሬያት ሸፈንኩ። ያደርኩት በእርጥብ ጫማ ነው።

ዓርብ

ሐጂ ከማል በስልክ የእህታቸው ልጅ ሙስጠፋ ጅማ ውስጥ ጋራዥ እንዳለው ነገሩንና ጠዋት ሄድን። ሙስጠፋ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። የዘይት መለኪያውን አወጣ፣ በጣቱ ጠረገ፣ አሸተተ፣ ለደምሴም አሸተተለት። ተቃጥሏል አለ።

ከዚያ ግቢው ሁሉ ሸንጎ ሆነ። አንዱ ካምቢዮው ወርዶ ይከፈት አለ፤ ሙስጠፋ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሙሽራዋ ትወልዳለች ብሎ መለሰለት። ሌላው ያገለገለ ካምቢዮ ፈልገን እንቀይር አለ፤ ሙስጠፋ የሌላ ሰው በሽታ መግዛት ነው አለ። ደምሴ የወልቂጤውን ሹፌር ቃል እንደ ምስክር አቀረበ፦ አይነካ። ሙስጠፋም ሰውዬው ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም፣ ዘይቱን በመሣሪያ ገፍቶ ጠርጎ ማውጣት አሮጌ ካምቢዮን ሊገድል ይችላል አለ። እሱ የሚለው መሃለኛውን ነው፤ በራሱ የሚወርደውን ብቻ ማውረድ፣ የቀረውን እዚያው መተው፣ በወረደው ልክ አዲስ መሙላትና ነድቶ ማየት።

ደምሴ አይነካም አለ። እኔ ይነካል አልኩ። ሠራተኞቹ ሳቁና እማማ ፈረዱ አሉ። ደምሴ ተነሥቶ ግቢው ጥግ ያለ የጅማ በርጩማ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። እንዲህ የሚያኮርፈው ለዘይት ነው ወይ ብዬ ተናደድኩ።

ሙስጠፋ ከሥር ገብቶ ቡሎኑን ፈታ። ጥቁሩ ዘይት ሳፋው ውስጥ መውረድ እንደጀመረ አዛን ተሰማ። ሙስጠፋ እጁን ታጠበ፣ ሠራተኞቹም ታጠቡ፣ ሁሉም ጥለውን ወጡ። ሆዷ የተከፈተ መኪና ትተው ጁምዓ ሄዱ! እኔ ሳፋውን እየዞርኩ ማየት ጀመርኩ። ዘበኛው ሁኔታዬን አይቶ አረጋጋኝ። ሙስጠፋ የካምቢዮ ዘይት የሚያወርደው ሁልጊዜ ዓርብ ሶላት ሲደርስ ነው አለኝ። ቆሞ የሚጠብቅ መካኒክ ይቸኩላል፣ ሳይንጠባጠብ ይዘጋዋል፤ ሰግዶ የሚመለስ ግን አይቸኩልም። ደብረ ብርሃን እንዲህ ያለ ዘዴ ብነግራቸው ይስቁብኛል፣ ግን ልክ ነው።

በዚህ መሃል የሙስጠፋ ባለቤት ከኋላ ካለው ቤታቸው ትሪ ይዛ መጣች። ሽሮ፣ አቮካዶ በሎሚ፣ እንጀራ። ጾማችሁን ነው፣ ቅቤ የነካው ድስት አይደለም፣ ድስቱን ክርስቲያን ጎረቤቴ ዘንድ ተውሼ ነው የሠራሁት አለችኝ።  በልጅነቴ አባቴ እስላም ቤት አትበሉ ይለን ነበር፤ እንኳን ድስት ሊዋስልን የሚያስብ ሰው እንዳለ ሊነግረን። ደምሴም ኩርፊያውን ትቶ በላ።

ሲመለሱ አዲሱን ዘይት ሞልተው ለሙከራ ወጣን። ደምሴ ነዳ፣ ሙስጠፋ አጠገቡ ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ ነኝ። ትንሽ እንደሄድን ሙስጠፋ ጋሼ እስቲ እኔ ልያዛት አለና ቦታ ተለዋወጡ። ከዚያ እንደገና ደምሴን አስነዳው። ያ ወሬኛ ሰው ስንመለስ ዝም ብሎ ነው የመጣው። ከመኪናው ስንወርድ ደምሴ ቀድሞ ሄደና ሙስጠፋ ወደኔ ጠጋ አለ።

"እናቴ፣ መኪናዋ ድናለች። ለእርስዎ ነው የምነግርዎት፣ ወላሂ መኪናዋ ምንም የላትም" አለኝ።

ለኔ ለይቶ መንገሩን የወሰድኩት የፈረድኩት እኔ ስለሆንኩ ነው ብዬ ነው። ኮራሁ እንዲያውም።

ቅዳሜ

የሸቤ መንገድ ውብ ነው፤ ጫካው ከላይ፣ ቡናው ከሥሩ። እኛ ዘንድ ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፣ ከሥሩ ምንም አይበቅልም። ወንበሬ ጸጥ ብሏል። የውኃ ጠርሙሴ ጸጥ ብሏል። መስተዋቱ ውስጥ መንገዱ አንድ ነው። ሙስጠፋን በልቤ እየመረቅሁት ሳለ ደምሴ ተናገረ።

"አላልኩሽም? አልተሻላትም። ይኸው ትንቀጠቀጣለች።"

"የት?" አልኩት።

"መሪው ላይ አይታይሽም እንዴ?"

መሪውን አየሁት። እውነቱን ነው፣ መሪው ይንቀጠቀጣል። ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ በግራ ብቻ ነው የያዘው። ከመሪው ላይ ዓይኔን ወደ እጁ፣ ከእጁ ወደ ክንዱ አወጣሁ። የሚንቀጠቀጠው እጁ ነው። መሪው የሚንቀጠቀጠው እሱ ስለያዘው ነው።

 ያኔ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣብኝ። አሰንዳቦ ሳይነካው ትቶት የተነሣው ሻይ። ራሱ ይላጭ የነበረ ሰው ከመስከረም ወዲህ ፀጉር ቤት መሄዱ። ማኅበር ላይ ጽዋውን ለጎረቤቱ አቀብልልኝ ማለቱ። ዘይቱ አይነካ ሲሉት ፊቱ መብራቱ። መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ የእሱን ማን ያያል? ከዚህ ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን እኔን እያታለለኝ ይሁን ራሱን እያታለለ አለማወቄ ነው። ፊቱን ባየው የእውነቱን ነው፤ መኪናዋ ናት ብሎ ያመነ ሰው ፊት ነው።

"አዎ፣ ትንሽ ትንሽ ይሰማኛል" አልኩት። ምን ልበል? አገሩን የማይ መስዬ እስከ ሸቤ ድረስ በመስኮት ስመለከት ሄድኩ። ያየሁት የለም። ነገ በዚህ እጅ የሰው ልጅ ጭኖ የደዶን ዳገት ሊወጣ ነው።

ሐጂ ከማል ደጃቸው ላይ ጠበቁን። ባጋ ነጋን ዱፍተን፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ እያሉ ደምሴን አቅፈው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም። ባለቤታቸው አደ ዘይነባ እጄን ይዘው አስገቡኝ። ለክርስቲያን እንግዶች የተለየ በግ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ባርኮ አርዶት፣ በተለየ ድስት እየተሠራ ነው። ብርድ ልብሴን ስፈታው ሴቶቹ ሳቁብኝ። አደ ዘይነባ ግን ደዶ ደጋ ነው፣ ልጄ እዚያ ትበርዳለች፣ ያሰበልን ሰው ይሄ ነው አሉና ሳቁን አቆሙት። ደምሴን ዞሬ አየሁት፤ አላላገጠም።

ልናገር ብዬ ከአደ ዘይነባ አጠገብ ሽንኩርት እየላጥኩ ተቀመጥኩ።  የባልን ገመና በሰው ቤት ማውጣት ይቻላል? ለሱ ልንገረው ብልም በወዳጆቹ መሃል ሲስቅ አየዋለሁና አንጀቴ አይችልም። በመጨረሻ ነገ ጠዋት ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ እወድቃለሁ፣ እኔን ሐኪም ቤት ይወስደኛል፣ ሙሽራዋን ሌላ ሰው ይነዳታል ብዬ ወሰንኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ የሆድ ቁርጠት ላስመስል ተዘጋጀሁ።

እሑድ

ጠዋት መኪናዋን በአበባና በሪባን አልብሰዋት አየሁ። ደምሴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ኮፈኗን በመሐረቡ ይወለውላል። ያን ያህል ደስ ብሎት ያየሁት የልጃችን ምርቃት ቀን ነው። ሆዴን ይዤ ልቀመጥ ስል ሐጂ ለዱዓ ጠሩን።

ሐያት ተሸፋፍና በእናቷና በጓደኞቿ መሃል ቆመች። ሐጂ በአረብኛም በኦሮምኛም ዱዓ አደረጉላት፣ ሕዝቡ አሚን አለ። ከዚያ ደምሴን ጠሩትና ልጄ ልጅህ ናት፣ በቋንቋህ መርቅልኝ አሉት። ደምሴ እጆቹን ዘረጋ። ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ ሙሉ ይሁን፣ ከክፉ ይሰውርሽ አለ። አሚን እያሉ ተቀበሉት። ጨርሶ ቁልፉን ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ሐጂ ሁለት እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ደምሴ፣ እኛ ዘንድ የመረቀ ሰው መሪ አይዝም" አሉት። "የመረቀበት እጅ ሙሽራዋ ባሏ ደጅ እስክትገባ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። አንተ ከፊት ቁጭ ትላለህ።"

ደምሴ ግራ የገባው መሰለኝ። "ታዲያ ማን ሊነዳት ነው?" አለ።

"ወይዘሮ ዘነበች አሉ አይደል እንዴ?"

ዘነበች እኔ ነኝ።  ዙሪያውን የቆሙት ሽማግሌዎች ያ፣ ዱጋ፣ እውነት ነው፣ ድሮም እንዲህ ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱማ አባቱ በበቅሎው ዘመን እንኳ መርቆ ልጓም አልያዘም ብሎ መሰከረ። ደምሴ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ቁልፉን አወጣና ሰጠኝ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ሸቤን ለቅቄ ጅማን አቋርጬ የደዶን መንገድ ያዝኩ። መኪናዋ ፈሳሽ ውኃ ሆናለች። ደምሴ አጠገቤ ነው። ሁለት መዳፉን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አድርጓቸዋል። የሚደብቅበት የለም፣ ሁለቱም እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። ዳገቱ ላይ ሐያት ከኋላ ተጠግታ እጆቹን አየችና ሻሿን ገለጥ አደረገች።

"አባባ፣ እስካሁን እየመረቁኝ ነው?" አለችው።

"አዎ ልጄ" አላት።

"አሚን" አለች። ጓደኞቿም አሚን አሉ። እኔ ዕንባዬን ዋጥ አድርጌ መንገዱን ብቻ አየሁ።

ደዶ እውነትም ደጋ ነው፣ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። የሙሽራው ቤተሰብ ማር በወተት አጠጡን፣ ሴት ሹፌር ነሽ ወይ እያሉ እየተቀባበሉ ሳሙኝ። ግርግሩ ሲበርድ አደ ዘይነባን ለብቻቸው አግኝቼ ይህ የመረቀ ሰው መሪ አይዝም የሚሉት ነገር ከየት የመጣ ባህል ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥርሳቸውን በሻሻቸው ጋርደው ሳቁ።

"እኔም ዛሬ ገና ነው የሰማሁት፣ ልክ እንዳንቺ" አሉኝ። "ሙስጠፋ ዓርብ ደውሎ ስለ እጁ ለሐጂ ነገረው። ሐጂም ሲያስብ ሰነበተ። ኢንሻአላህ አንድ ነገር አገኛለሁ ይለኝ ነበር። ይኸው አገኘ።"

 ያ ሁሉ ሽማግሌስ ስላቸው፣ እነሱ ደግሞ ሐጂ ሲዋሽ ሰምተው አያውቁም፣ ስለዚህ በዋሸ ጊዜ አስፈላጊ ነገር መሆኑን ያውቃሉ አሉኝ። ለደምሴ እስክሞት እንደማልነግረው ለራሴ ማልኩ።

ሰኞ

ተሰናብተን ስንወጣ ማር፣ ቡናና ሙዝ ጭነውልን መኪናዋ በክብደቱ ከኋላ ዝቅ ብላለች። ሐጂ ደምሴን አቅፈው ቆዩ። ደምሴ ማንም ሳይነግረው ዞሮ ከጎን ገባና መታጠቂያውን ለማሰር ሲታገል ጎንበስ ብዬ አሰርኩለት። 

አሰንዳቦ ላይ ጀሚላ መሪው ላይ እኔን ስታይ ሳቀች፣ ደምሴም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እኔ የሠርጉን ምግብ አነሣሁ፣ የደዶን ብርድ አነሣሁ፤ እሱ እህ ብቻ ይላል። ወደ ግቤ መውረድ ስንጀምር ተናገረ።

"ትልቋን ልጁን ሲድር እኮ ነበርኩ" አለ። "ሐጂ መርቆ ሲያበቃ መሪውን የያዘው ራሱ ነው። እኔ ከኋላ ባለው መኪና ነበርኩ።"

ነዳጁን ለቀቅኩት። ላየው ፈራሁ።

"እንዲህ ያለ ባህል የለም፣ ዘኑ" አለ። "ከማል ፈጥሮ ነው። እኔም ሲናገር ገብቶኛል። እነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎች ለኔ ብለው በሙሽራ ፊት ሲዋሹ ዝም ብዬ አየኋቸው።"

ከኋላችን አውቶቡስ ጡሩንባ ነፋና አሳለፍኩት። ደምሴ ሁለት እጆቹን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ፊቱ አድርጎ ሲንቀጠቀጡ አያቸው። አልደበቃቸውም። ከፋሲካ ጀምሮ ነው አለኝ፤ መጀመሪያ ብርድ መሰለው፣ ኋላ መኪናዋ ስትጀምር ጊዜ እሷ ናት ብሎ ተጽናና። ዓርብ ዕለት ሙስጠፋ መሪውን ሲቀበለው መንቀጥቀጡ የራሱ እንደሆነ አወቀ። እንደዚያም ሆኖ ቅዳሜ ትንቀጠቀጣለች ያለኝ አዎ እንድለው ነበር። አዎ ማለቴን አስታውሼ ተቃጠልኩ።

ድልድዩን ተሻገርን። ዳገቱን ጀመርኩ፣ መኪናዋ ያለ አንዳች ኮሽታ ወጣችው።

"አዲስ አበባ ስንገባ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ" አለኝ።

እናቴ ስትሞት ቀብሯ ያደረሰኝ እሱ ነው። ልጆቼን ልወልድ ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱ ነው። ይህ ሰው በትዳራችን ዘመን ሁሉ ውሰጂኝ ብሎኝ አያውቅም።